አሻንጉሊቱን የሚያንቀሳቅሰው እጅ፦ የ«ጂ አይ ጆ» መጫወቻዎች ጠንካራና ደካማ ጎኖች

«አሻንጉሊት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ባንድ በኩል ከጨርቅ፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ የሰው አምሳያ፣ የሕፃን ጓደኛ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የራሱ ፈቃድ የሌለውን፣ ሌላው ከኋላው ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ወይም መንግሥት መንቀፊያ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ «አንቀሳቃሹ ማነው?» የሚል ነውና። ሕፃን የሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት መጫወቻ ነው። ሕፃኑን መልሶ የሚያንቀሳቅስ አሻንጉሊት ሲመጣ ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፎ የሂስ ጉዳይ ይሆናል።

መጫወቻን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ መመርመር ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀራፂ የቀረጸው፣ ሠዓሊ የቀባው፣ ደራሲ ታሪክ የጻፈለት፣ በመጨረሻም በልጅ እጅ ወለል ላይ ትዕይንት የሚያሳይ ነገር ከሐያሲ ዓይን የሚያመልጥበት ምክንያት የለም። አያሌ ሰዎች ቲያትር ቤት ከመግባታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት የተውኔትን ፊደል የቆጠሩት በዚህ መድረክ ላይ ነው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ መጫወቻዎች መካከል ብርታቱም ድክመቱም ጎልቶ የሚታየው የአሜሪካው «ጂ አይ ጆ»፣ በተለይም ከ1982 እስከ 1994 ሳይቋረጥ የወጣው ተከታታይ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐፍረት የተወለደ ስም

«ጂ አይ ጆ» በአሜሪካ ጦር አነጋገር ተራውን ወታደር፣ ስሙ ከታሪክ መጽሐፍ የማይገባውን እገሌን የሚጠሩበት ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተለመደ፤ በ1945 የወጣ አንድ ፊልምም በርዕስነት ተጠቀመበት። በዚያን ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት በፓተኬት ከተማ የነበረው ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ ይህን ስም ይዞ በ1964 ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ 21 ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የተገጣጠሙለት ወታደር ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡን ያመጣው ስታን ዌስተን የተባለ የንግድ ወኪል ሲሆን፣ ከሐሳብ ወደ ሥራ ያደረሰው የኩባንያው ባልደረባ ዶን ሌቪን ነበር።

የንግዱ ዘዴ የተቀዳው ከ«ባርቢ» ነው። ማቴል የተባለው ኩባንያ በ1959 ያወጣት ይህች አሻንጉሊት አንድ ጊዜ ተገዝታ ልብሷና ጌጧ ደጋግሞ ይገዛላት ነበር። ለወታደሩም ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ድንኳኑና መኪናው ለየብቻ ተሸጠ። ነገር ግን አንድ ችግር ነበር፤ «ወንድ ልጅህ በአሻንጉሊት ይጫወታል» ብሎ ለአሜሪካዊ አባት መንገር የሚያሳፍር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቃሉ በኩባንያው ዘንድ ተወገዘና በምትኩ «አክሽን ፊገር»፣ በግርድፉ «የድርጊት ምስል» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ የመጫወቻ ንግድ በየአገሩ የሚጠቀምበት ይህ ቃል የተወለደው ከሐፍረት ነው ማለት ይቻላል።

ታሪክ ግን ቀልድ ያውቃል። ከ20 ዓመታት በኋላ ሃስብሮ ወታደሮቹን ከሆንግ ኮንግ ሲያስገባ የአሜሪካ ጉምሩክ «እነዚህ አሻንጉሊቶች ናቸው» በማለት የአሻንጉሊት ቀረጥ ጠየቀ። ኩባንያው «አሻንጉሊቶች አይደሉም፤ የመጫወቻ ወታደሮች ናቸው» ሲል ተከራከረ። ነገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ኩባንያው ተረታ፤ ጂ አይ ጆ በሕግ ፊት አሻንጉሊት ሆነ። ፍርዱ ለነጋዴው ወጪ ቢሆንም ለቀራፂውና ለደራሲው ግን ምስክርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእርሳስ ቀልጦ እንደወጣው የጥንቱ ወታደር ባንድ አቋም ደርቆ የሚቀር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ጥያቄ አይነሣም ነበር። ጥያቄው የተነሣው ሰው መስሎ በመገኘቱ ነው።

ከእገሌ ወደ ገጸ ባሕርይ

የመጀመሪያው ጆ ዕድሜ ከዘመኑ ጋር የታሰረ ነበር። የቬትናም ጦርነት እየከፋ፣ የአሜሪካ ሕዝብ ተቃውሞም እየበረታ ሲሄድ የወታደር አሻንጉሊት ገበያ ቀዘቀዘ። በ1970 ኩባንያው ጆን ከሠራዊቱ አሰናብቶ የጀብዱ ቡድን አባል፣ አገር አሳሽና ነፍስ አዳኝ አደረገው። በ1974 ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ ለስላሳ እጅ ተሰጠው። ይህም ሁሉ ተደርጎ ያ ትልቁ ቅርጽ 1976ን መሻገር አልቻለም።

መልሶ ያስነሣው የሌላ ኩባንያ ሥራ ነው። በ1977 «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ከወጣ በኋላ ኬነር ያቀረባቸው የፊልሙ ገጸ ባሕርያት ምስሎች ቁመታቸው 9.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ትንሽነታቸው ዋጋቸውን ዝቅ አደረገ፤ ከዚያም በላይ የሚገቡበት መኪናና መንኮራኩር በልካቸው እንዲሠራ አስቻለ። ሃስብሮ በ1982 ጂ አይ ጆን መልሶ ያመጣው በዚሁ መጠን ነው። በዚህ ጊዜ ግን «ጆ» የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቡድን ስም ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ 13 አባላት ነበሩት። ስም የለሹ እገሌ ጠፍቶ በቦታው የየራሳቸው ስምና ሙያ ያላቸው ገጸ ባሕርያት ቆሙ።

የሥራው የመጀመሪያ ብርታት በአካሉ ላይ ይታያል። የኬነር ምስሎች በአንገት፣ በትከሻና በዳሌ ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር። የሃስብሮ ባለሙያዎች በዚያው ቁመት ላይ ክርንና ጉልበትን ጨመሩ፤ ደረትና ዳሌውንም በላስቲክ ቀለበት አያያዙት። በ1983 ደግሞ ክንዱ ከክርኑ በላይ እንዲዞር ስለተደረገ ወታደሩ የያዘውን በሁለት እጁ ለመያዝ ቻለ። ይህ ለተመልካች ትንሽ ነገር ነው። መድረክ የሚያውቅ ሰው ግን የአቋምን ዋጋ አይስተውም፤ ተቀምጦ የሚያስብ፣ ተንበርክኮ የሚያነጣጥር፣ ቁስለኛ ደግፎ የሚያነሣ ምስል ለልጁ ሦስት የተለያዩ ትዕይንቶችን ይከፍትለታል።

ከመገጣጠሚያው የሚበልጠው በጀርባው ላይ ያለው ብሎን ነው። አንድ ልጅ በተራ መፍቻ ብሎኑን ፈትቶ የተበጠሰ ላስቲክ ሊቀይር፣ የአንዱን ክንድ ለሌላው ሊያውስ፣ የአንዱን ራስ በሌላው አካል ላይ ሊያቆም ይችላል። ሠሪው ይህን አቅዶት ይሁን አይሁን፣ ልጁን የሥራው ተካፋይ አድርጎታል። እርግጥ ነው፣ ድክመቱም ከዚያው አይርቅም። ላስቲኩ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፤ የአውራ ጣቱ ፕላስቲክ ቀጭን በመሆኑ መሣሪያ ሲያስይዙት ይሰበራል። በጨዋታ ያረጁ ወታደሮች በብዛት አውራ ጣት አልባ ሆነው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ተፈትቶ የሚጠገን ዕቃ ጉድለቱ ይቅር ይባልለታል።

በካርቶን ጀርባ ላይ ያለ ሥነ ጽሑፍ

ትልቁ ብርታት ግን ከፕላስቲኩ ይልቅ በወረቀቱ ላይ ይገኛል። ምስሉ በተለጠፈበት ካርቶን ጀርባ በነጠብጣብ መስመር የተከበበ የግል ማኅደር ታትሟል። የምሥጢር ስሙ፣ ትክክለኛ ስሙ፣ የተወለደበት ከተማ፣ ማዕረጉ፣ ዋናና ተጨማሪ ሙያው ከተዘረዘሩ በኋላ በጥቂት መስመሮች ጠባዩ ይነገራል። የእነዚህ ማኅደሮች ዋና ጸሐፊ ላሪ ሃማ ነበር። ሃማ ከጃፓናውያን ዘር የተወለደ አሜሪካዊ፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር በመሐንዲስ ክፍል ያገለገለ፣ ሠዓሊና ደራሲ ነው። የሠራዊትን መዝገብ ከውስጥ ያውቀዋል። ስለሆነም ጽሑፎቹ የጦር ሰፈር ጽሕፈት ቤት ሽታ አላቸው፤ ደረቅና አጭር፣ አልፎ አልፎም ፌዝ ጣል ያለባቸው ናቸው።

ጥቂቶቹን መጥቀስ ይበቃል። «ስቶከር» በዲትሮይት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ የሰፈር ወሮበሎች አለቃ ነበር፤ በኋላ እስፓኝኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና ስዋሂሊ የሚናገር ወታደር ሆኗል። ባንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይታያል። በ1983 የወጣው «ዶክ» ደግሞ ጦርነትን የማይወድ፣ ሰላምን የሚያስቀድም ሐኪም ነው። አብሮት የተሰጠውም የቁስለኛ ቃሬዛና የብርሃን ምልክት መተኮሻ ነው። መሣሪያ በታጠቁ ወታደሮች መካከል ቃሬዛ የያዘ ሰው ማቆም የተውኔት ደራሲ ውሳኔ ነው። ግጭት በሁለት ጠላቶች መካከል ብቻ የሚፈጠር ሳይሆን ባንድ ወገን፣ ብሎም ባንድ ሰው ኅሊና ውስጥ ሊነሣ እንደሚችል ለልጅ ያስተምራልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የ«ስኔክ አይስ» ታሪክ ነው። በ1982 የቀለም ወጪ ለመቆጠብ ሲባል አንዱ ወታደር ብሩሽ ሳይነካው ከጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ወጣ። ቀለም የተቀባ ዓይን የለው፣ የሚታይ ፊት የለው። ሃማ ይህን የሒሳብ ሠራተኛ ውሳኔ ወደ ታሪክ ለወጠው፤ ሰውየውን ፊቱ በአደጋ የተበላሸ፣ ድምፁን ያጣ፣ ስለራሱ አንዳች የማይናገር አደረገው። እንዲህ አነስተኛ ወጪ የወጣበት ምስል ከቡድኑ ሁሉ ይበልጥ ተወዳጅ ለመሆን በቃ። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ባዶ የተተወ ፊት ልጁ በምናቡ የሚሞላው ቦታ ነው። ጭምብል ለተዋናይ የሚሰጠው ኃይል ከዚህ አይለይም።

ማኅደሮቹን ያስፋፋው ማርቭል የተባለው አሳታሚ ከ1982 እስከ 1994 በ155 ቁጥሮች ያወጣው የሥዕል ተከታታይ ነው። አብዛኛውን የጻፈው ራሱ ሃማ ነበር። የተከታታዩ መነሻ ንግድ መሆኑ አይካድም። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የመጫወቻ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መጠቀም የሚቻለው በጣም በተወሰነ መጠን ነበር፤ መጽሔትን ለማስተዋወቅ ግን ይህ ገደብ አልነበረም። ስለዚህ ሃስብሮ መጽሔቱን እያስተዋወቀ ወታደሮቹን ሸጠ። ከዚህ የነጋዴ ብልጠት ግን ነጋዴው ያላሰበው ጥበብ ወጣ። በ1984 የወጣው 21ኛው ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም የንግግር ቃል የለበትም፤ ታሪኩ በሥዕልና በእንቅስቃሴ ብቻ ይነገራል። ለልጆች የሚሸጥ መጽሔት ላይ እንዲህ ያለ ድፍረት ዘወትር አይገኝም።

የጠላቱም አፈጣጠር ሊጤን የሚገባው ነው። በመጀመሪያው እቅድ ጠላት የሚባል ነገር አልነበረም። «ኮብራ» የተባለውን ምሥጢራዊ ድርጅት ያመነጨው የማርቭል አዘጋጅ የነበረው አርቺ ጉድዊን ነው። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለነበር ጠላቱን ባዕድ አገር ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነበር። ሃማ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በመጽሔቱ ውስጥ የኮብራ አንዱ ጎጆ ስፕሪንግፊልድ የተባለች፣ ንጹሕ መንገዶችና ጨዋ ነዋሪዎች ያሏት የምትመስል የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ናት። የሶቪየት ወታደሮችም በታሪኩ ሲገቡ አንዳንድ ጊዜ ተፎካካሪ፣ አንዳንድ ጊዜም አጋር ሆነው ይታያሉ። ክፋት ከድንበር ማዶ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከጎረቤት ቤት ሊወጣ እንደሚችል ለሕፃን መንገር ከተራ የጦርነት ጨዋታ የላቀ አስተሳሰብ ነው።

ሞት የሌለበት ጦርነት

ይህ ሁሉ ብርታት እንዳለ ሆኖ ድክመቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ከቴሌቪዥኑ ይነሣል። በ1983 በአምስት ክፍል የተጀመረው ተንቀሳቃሽ የሥዕል ፊልም በ1985 ወደ መደበኛ ተከታታይነት አደገ። በዚህ ፊልም ውስጥ ሺህ ጊዜ ይተኮሳል፤ የሚሞት ግን የለም። ከጥይት ይልቅ ቀይና ሰማያዊ ጨረር ይፈነጠቃል፤ አውሮፕላን ሲጋይ አብራሪው ሁልጊዜ በጃንጥላ ይወርዳል። ለልጆች አእምሮ የታሰበ ጥንቃቄ ነው የሚል መልስ ይኖራል። ነገር ግን ጥንቃቄው ጦርነቱን አላስቀረውም፤ ዋጋውን ብቻ ነው ያስቀረው። ቁስል፣ ሐዘንና ቀብር የሌለበት ጦርነት ለልጅ ከማሳየት የሚብስ ውሸት ማግኘት ያስቸግራል። በአሳዛኝ ተውኔት ሞት መድረክ ላይ የሚመጣው ለማስፈራራት ሳይሆን ድርጊት ውጤት እንዳለው ለማሳየት ነው። ውጤት የሌለው ድርጊት ትርኢት እንጂ ድራማ አይደለም።

በ1987 በተሠራው ረጅም ፊልም የቡድኑ አንዱ መሪ «ዱክ» እንዲሞት ታስቦ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሃስብሮ ሌላ መጫወቻ የሆነው የ«ትራንስፎርመርስ» ፊልም መሪ ገጸ ባሕርዩን በመግደሉ ልጆች ክፉኛ አዝነው ስለነበር፣ የዱክ ሞት ራሱን ስቶ መተኛት ነው በሚል ንግግር ተለወጠ። ሥዕሉ ይሞታል፤ ቃሉ አልሞተም ይላል። ከዚህ የበለጠ የይዘትና የቅርጽ መጣላት አይገኝም። በአንጻሩ የሃማ መጽሔት ሞትን አልሸሸም፤ በዚያ የተገደለው ጄኔራል ፍላግ ሞቶ ቀርቷል። በ1985 የወጣው ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተሰየመው በእሱ ስም ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ በመርከቡ ሲጫወት አንድን ሟች ያስታውሳል። አንድ መጫወቻ ትዝታን ለመሸከም የሚችል መሆኑን ይህ ብቻ ያረጋግጣል።

ሁለተኛው ድክመት በሰው አሣሣሉ ላይ ነው። ቀድሞ በ1965 የወጣው ጥቁር ወታደር የነጩ ቅርጽ ቡናማ ቀለም ተቀብቶ የተሰጠ ነበር፤ የራሱ ፊት አልተቀረጸለትም። በ1982 ከ13ቱ አባላት መካከል ሴቷ «ስካርሌት» አንድ ብቻ፣ ጥቁሩ «ስቶከር» አንድ ብቻ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1987 ድረስ በየዓመቱ አንዲት አዲስ ሴት ትጨመር ነበር፤ ሴትን በኮታ የመስጠት ያህል ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሆኖ በ1984 የቀረበው «ስፒሪት» ደግሞ ሹሩባና ንስር ይዞ የመጣው ከሕዝቡ ኑሮ ሳይሆን ከድሮ የካውቦይ ፊልም ነው። በሌላው ወገን የኮብራ ተራ ወታደሮች ፊታቸው የተሸፈነ፣ የግል ስም የሌላቸው ናቸው። ለስኔክ አይስ ጭምብል ነፍስ የሰጠው ያው ሥራ ከጠላት ወታደር ፊት ላይ በዚያው ጭምብል ነፍሱን ወሰደበት። ስም ያለውን ሰው መግደል ይከብዳል፤ ስም የሌለውን መደርደር ግን ይቀላል። ለነጋዴውም የሚመቸው ይኸው ነው፤ ስም የሌለው ወታደር አንድ ብቻ ሳይሆን አሥር ይገዛልና።

ሦስተኛው ድክመት ብዛት ነው። በ1984 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጊዜ ላይ የነበረውን ገደብ ካነሣ በኋላ ፊልሙ ራሱ ረጅም ማስታወቂያ ለመሆን በቃ፤ ገደብ በሕግ የተመለሰው በ1990 ነው። ገጸ ባሕርይ የሚገባው ታሪኩ ስለፈለገው ሳይሆን መደርደሪያው ስለጠየቀው ሆነ። ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ የተፈጥሮ ጥበቃ ዘማች፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተዋጊ፣ የኒንጃ ጭፍራና የጠፈር ቡድን እየተከታተሉ መጡ። ቀለማቸው ዓይን የሚወጋ ቢጫና አረንጓዴ ሆነ፤ መሣሪያቸው ከወታደሩ ራሱ ገዘፈ። ማኅደሩ ሲያጥር ጩኸቱ ረዘመ። ተከታታዩ በ1994 ሲቆም ብዙዎቹ ስሞች ሕይወት ሳይዘሩ ቀርተው ነበር።

መቀስና ሣጥን

የሥራው ዋና ተቃርኖ ግን የታየው ከተቋረጠ በኋላ ነው። በዚያ መጫወቻ ያደጉ ልጆች አዋቂ ሲሆኑ መልሰው ገዙት፤ አሻንጉሊቱም የስብስብ ዕቃ ሆነ። በ2003 የመጀመሪያው የ1960ዎቹ ጆ ናሙና በሐራጅ በ200,000 ዶላር ተሸጠ። በ2004 ጂ አይ ጆ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የመጫወቻ የክብር አዳራሽ ገባ። ከ2020 ጀምሮ ሃስብሮ ቁመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ በይበልጥ አዋቂ ሰብሳቢዎችን ያሰቡ ምስሎችን አውጥቷል። በቅርጽ ጥራት አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ እንደሚልቁ መካድ አይቻልም።

ነገር ግን የስብስብ ገበያው ሕግ ከጨዋታው ሕግ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በዚህ ገበያ ከሁሉ የሚወደደው ከካርቶኑ ያልተላቀቀ፣ እጅ ያልነካው ወታደር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለባለሙያ አስመርምሮ፣ ነጥብ አሰጥቶ፣ በብርሃን አስተላላፊ ሣጥን ውስጥ አሽጎ ማኖር የተለመደ ሆኗል። አሁን ያንን የነጠብጣብ መስመር ማስታወስ ይገባል። የሃማ ማኅደር በካርቶኑ ጀርባ የታተመው በመቀስ ተቆርጦ እንዲወጣና እንዲቀመጥ ነበር። ከዚያው ካርቶን ላይ እየተቆረጡ ሲጠራቀሙ በፖስታ ስጦታ የሚያስገኙ ምልክቶችም ነበሩበት። ልጁ ማኅደሩን ለማግኘት ካርቶኑን መቁረጥ ነበረበት፤ ካርቶኑን የቆረጠ ግን በኋላ በሰብሳቢው ዓይን ዕቃውን አበላሽቷል። ሥራው «ቁረጠኝ፣ አንብበኝ፣ አጫውተኝ» ሲል ገበያው «አትንካኝ» ይላል።

ለሰብሳቢውም ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰብሳቢ ባይኖር ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ ነበር፤ የቀራፂው፣ የሠዓሊውና የደራሲው ሥራም ማስረጃ ባላገኘ ነበር። ዛሬ ስለ ማኅደሮቹ መናገር የሚቻለው አንድ ሰው ስላስቀመጣቸው ነው። ቤተ መዘክር የሚያስፈልገው የብራና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጥያቄው መጠበቅ አለበት ወይስ የለበትም የሚል አይደለም፤ ሳይነካ የተጠበቀው ከተነካው ይበልጣል የሚለው ሚዛን ግን ስሕተት ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ ከተነበበው፣ ያልተጫወቱበት መሰንቆ ከተጫወቱበት አይበልጥም። አውራ ጣቱ የተሰበረው፣ ቀለሙ የተፋቀው፣ ብሎኑ ተፈትቶ የሌላ ራስ የተገጠመለት ወታደር የአንድ ልጅ ምናብ የሠራበት ነው፤ ሥራው የተሟላው በእሱ ላይ ነው። በሣጥን የታሸገው ያልተመረቀ ተውኔት ይመስላል፤ ድርሰቱ ተጽፏል፣ ልብሱ ተሰፍቷል፣ መጋረጃው ግን አልተገለጠም።

መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ከዚህ የሚወስዱት መለኪያ አለ። አንድ መጫወቻ የሚመዘነው በመገጣጠሚያው ብዛት ወይም በዋጋው ሳይሆን ለልጁ እጅና ምናብ በሚተወው ቦታ ነው። በገጠር ከጭቃ በሬ የሚሠራ፣ በከተማ ከሽቦ መኪና የሚያጥፍ፣ ከእራፊ ጨርቅ አሻንጉሊት የምትሰፋ ልጅ ይህን ቦታ ሁሉንም ይዘዋል፤ የጎደላቸው ዕቃ እንጂ ድርሻ አይደለም። ጂ አይ ጆ በፋብሪካ የተመረተ፣ ለትርፍ የተፈጠረ ሲሆን በሦስት ነገሮች ወደዚያ ቦታ ቀርቧል፤ በሚፈታው ብሎን፣ ባልተቀባው ፊትና በሚቆረጠው ማኅደር። ከዚያ የራቀውም በሦስት ነው፤ ሞትን በደበቀው ፊልም፣ ስም በነፈገው ጭምብልና ማለቂያ በሌለው ብዛት። የታሸገው ሣጥን የነዚህ መደምደሚያ ነው።

እንግዲህ ስለ ጂ አይ ጆ የሚሰጠው ፍርድ በጅምላ ሊሆን አይችልም። የጦርነት መጫወቻ ነው ብሎ ሁሉን መጣል ቃሬዛ የያዘውን ሐኪም አብሮ መጣል ነው፤ የልጅነት ትዝታ ነው ብሎ ሁሉን ማወደስም ስም የለሾቹን ወታደሮች መርሳት ነው። ሥራው የበረታው ደራሲው ለልጁ ጥቂት ነግሮ የቀረውን በተወለት ቦታ ነው፤ የደከመውም ነጋዴው ሁሉን ተናግሮ ልጁን ከገዢነት በቀር ድርሻ ባሳጣው ቦታ ነው። ለልጆች የሚጽፍ፣ የሚቀርጽና ተውኔት የሚያዘጋጅ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በራሱ ሥራ ውስጥ ያ የነጠብጣብ መስመር የቱ ጋ እንዳለ፣ መቀሱንም ለማን እንዳስያዘ ቢጠይቅ ይጠቀማል።